ጋኑ ውስጥ የሰማሁት

እናት ዓለሜ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ ደረጃውን ለመደው ወይስ አሁንም በየእርከኑ ቆመሽ ቤቱን የሠራውን ሰው ትሳደቢያለሽ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉንፋኑም ለቆኛል። ስልክ እያለ ምን አጻፋት እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልክ ላይ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እከተላለሁ፣ ነገሩ ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ መነጽርሽን አድርገሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢልኝ።

አባባ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥቶ ነበር።

እዚህ ስቀጠር ያለኝን አልረሳሽም። «ወንድምሽ የሞተበት ጉድጓድ ውስጥ ቆመሽ እንግዳ ልታዝናኚ ነው?» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሰልኝም። ሰላምታዬን እንኳ የሚቀበለው በአንቺ በኩል ነበር። እኔ ግን የገባሁት ለወንድሜ ብዬ ነው። ሌላ ቦታ ሆኜ ሳስበው ግድግዳውን ሊለስን ገብቶ ሳይወጣ ውሃ የተለቀቀበት ቀን ብቻ ነው የሚመጣብኝ። እዚህ ግን በሕይወቱ ይታየኛል፤ መለሰኛውን ይዞ ሲያፏጭ፣ ልብሱ ኖራ በኖራ ሆኖ።

አንቺ ስላላየሽው ልንገርሽ። ሠራተኛው ሁሉ «ጋኑ» ነው የሚለው። ከመሬት በታች ያለ ትልቅ ክብ አዳራሽ በዪው፤ መስኮት የለው፣ ዓምድ የለው። የከተማው ውሃ ወደ አዲሱ ማጠራቀሚያ ከተዛወረ ወዲህ ባዶውን ቀርቷል። ሰው ሲያስል ሳሉ ዞሮ ዞሮ ይመለስና ራሱን ያስደነግጠዋል። የሚገርመው ግን ግድግዳው ነው። እዚህ አፍሽን አስጠግተሽ ብታንሾካሽኪ፣ ማዶ ጆሮውን የለጠፈ ሰው አጠገቡ ያለሽ ያህል ይሰማሻል፤ መካከል የቆመው ምንም አይሰማም።

ብዙ ሰው አያውቀውም። የሚመጡት ማንም ያልሄደበትን ቦታ ሲያሳድዱ የሚኖሩ መንገደኞች ናቸው። አንዱ ሮዝ ቀለም ያለው ሐይቅ አይቻለሁ ይላል፣ ሌላዋ ድንጋይ በራሱ የሚሄድበት ሜዳ። እዚህ ሲደርሱ ሁሉም ልጅ ይሆናሉ። በቀደም አንድ ሙሽራ ለሚስቱ «እናትሽ መቼ ነው የምትሄድልን?» ብሎ ቢያንሾካሽክ፣ ማዶ ጆሮዋን የለጠፈችው ለካ አማቱ ኖራለች!

ማክሰኞ ጡረተኞች በአውቶቡስ መጡ። ከኋላ ኮፍያውን ዝቅ ያደረገ ሰው ነበር። አረማመዱን ሳይ አባባ መሆኑን አወቅሁ። እሱም አየኝ። በሰው ፊት ምን እንደምል ግራ ቢገባኝ፣ «እርስዎስ አባት፣ አይሞክሩም?» አልኩት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ጋኑም ያንኑ መንቀጥቀጥ አዙሮ አዙሮ አሰማብኝ። አባባ ራሱን ነቅንቆ እምቢ አለ።

ጓደኞቹ ተጫውተው ሲጠግቡ ወደ ላይ ወጡ። እኔ ማዶ ሄጄ ግድግዳው ላይ ባለው ማብሪያ ማጥፊያ በዚያ በኩል ያሉትን አምፖሎች አጠፋሁ። ሁሉም የሄደ መስሎት ይመስለኛል፣ እሱ ቀስ እያለ ወደ ግድግዳው ሄዶ ግንባሩን አሳረፈበት። ወዲያው ድምፁ ጆሮዬ ሥር መጣ። ለእኔ አልነበረም።

«ልጄ፣ በርዶህ ነበር?» አለ።

ሹልክ ብዬ መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም። «ሁሉም ወጥተዋል ብለው ምልክት ሰጡኝ» አለ። «አንድ ጊዜ ስምህን ብጣራ ምን ነበረበት?»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍልሽም፤ የእኔ አይደለም። ብቻ ከቀብሩ ወዲህ ቤት ውስጥ ቧንቧ ነክቶ አያውቅም። «ዕድሜ ልኩን ለከተማው ውሃ ሲከፍት ኖሮ፣ ለፊቱ መታጠቢያ ሰው ይጠራል» እያልሽ ስትቀልጂበት እኛም እንስቅ ነበር። ስንፍና አልነበረም እማዬ።

አላስችል ሲለኝ አፌን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ። «አባባ፣ እኔ ነኝ» አልኩት።

 ሰምቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰማሁ አልኩት። ሁሉንም? ሲለኝ፣ አዎ ሁሉንም አልኩት። አምፖሉን ሳበራ ኮፍያውን በእጁ ጨብጦ፣ በጋኑ መካከል አቋርጦ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁት። እንዴት አርጅቷል እማዬ! ስንት ዓመት ያልጠራኝን በቁልምጫ ጠራኝና ትከሻዬ ላይ ወድቆ አለቀሰ። የሁለት ሰው ለቅሶ እዚያ ውስጥ የመንደር ሙሉ ለቅሶ ይሆናል።

ከላይ ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲያምባርቀው ክንዱን ይዤ አወጣሁት። አውቶቡሱ በር ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ «እናትሽን እንዴት ብዬ ፊቷን አያለሁ?» አለኝ። ደግፌ አሳፈርኩት።

እስካሁን አልነገረሽም ይሆናል። የጀመረልሽ ቀን እባክሽ አታቋርጪው፤ ይጨርስ። ከዚያ ብትጮሂም፣ ዝም ብትይም አልፈርድብሽም። ቅዳሜ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ፤ ለሁለታችሁም ነው የምመጣው።

አንድ ልመና አለኝ። ያን ቀን ተረኛ የነበረውን፣ ስሙን ማንም ያልነገረንን ሰውዬ፣ በጸሎትሽ መጨረሻ ሳትረግሚው ተኝተሽ አታውቂም። አባባም አጠገብሽ ተቀምጦ «አሜን» ይላል። ከዛሬ ጀምሮ ተዪልኝ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያበርታልኝ፣ ልብሽን ያስፋልኝ።

የቀረሁልሽ ልጅሽ