ያልመጡት ሁሉ አሜሪካ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1972፣ ሞጣ

እኔ ኃጢአተኛዋ ጥሩአየሁ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ በክረምቱ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ፣ በዚህ ደብተር ፊት ተንበርክኬ እናዘዛለሁ። ሲያንኮራፉ የዋሉትን መሪጌታ ወልደ ኪዳንን «ተገኝተዋል» ብዬ መዝግቤያለሁ። አካላቸው ተገኝቷል። ነፍሳቸው የት እንደዋለች እሳቸው ይወቁ...

ምንስ ያድርጉ? ዕድሜያቸውን በቅኔ የፈጁ ሰው ናቸው። ቀበሌያችን አርባ መሃይም አምጣ ተባለ። ሠላሳ ዘጠኝ ተገኘ። አርባኛው መሃይም መሪጌታ ሆኑ።

«በይ አስተምሪኝ» ይሉኛል። «ይቺን ሀ ከግራኝ በፊት ጀምሮ አውቃት ነበር፤ ምናልባት ጠባይዋ ተለውጦ ይሆናል።»

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ጋሼ አለበል ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፏል። የስፖርት አስተማሪያችን ነው፤ አገሩ ቢቸና፣ የጓሮ ክፍላችንን ተከራይቶ ነው የሚኖር። ቅዳሜ የሞስኮ ኦሎምፒክ ይጀመራል። ውጤቱን ከሬዲዮ እየሰማ ሊመዘግብ ነው። አገሩን ሁሉ በሦስት በሦስት ፊደል ጽፎታል። እዚያም የሚጻፈው እንዲህ ነው አለኝ፣ ሰሌዳው ለሙሉ ስም ቦታ የለውም።

እኛ ETH። ግሪክ GRE። ሶቭየት ኅብረት URS።

«ለምን እንዲህ ሆነ?»

«ከፈረንሳይኛው ተወስዶ።»

ያን የሚያህል አገር በሰው ቋንቋ ይጠራል? እኔም ተጽናናሁ። ገልብጬ ወሰድኩት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ዝናብ። ሞስኮ ተከፈተ። በኔም ጣቢያ ኦሎምፒክ ተከፈተ።

የስም መቆጣጠሪያው ላይ ምልክት ማድረግ ሰለቸኝ። ለተማሪዎቼ አገር ሰጠኋቸው። መሪጌታ GRE። በሰልፍ ሁልጊዜ ግሪክ ነው የሚቀድም ብሎኛል ጋሼ አለበል፤ መሪጌታም ከአዳም ቀጥሎ ናቸው። አያ ስንቄ FIN። ፊንላንድ የበረዶ አገር ነው፤ አያ ስንቄም ሐምሌ ከገባ ሁለት ጋቢ ደርበው እንኳ ይንቀጠቀጣሉ። እትዬ ሀብትነሽ CUB። የስኳር አገር ነው፤ የእሳቸው ሐሜት ሳይቀር ይጣፍጣል።

የቀረውስ ሰው? አሜሪካ ሞስኮ አልሄድም ብላ ቀርታ የለ? ስለዚህ የቀረ ሁሉ USA። ዛሬ አሥራ አንድ አሜሪካ አለኝ። አብዛኞቹ አረም ላይ ናቸው።

ሊቀመንበሩ ጓድ ደምለው ሊጎበኙን መጡ። ሆዳቸው ቀድሞ ገባ። ከገጹ ግርጌ «URS መጣ፤ አጨበጨብን» ብዬ ጻፍኩ።

በእርሳስ ነው። መዝገቡን የሚረከቡት በወሩ መጨረሻ ነው። ላጲስ አለ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ትናንት በአሥር ሺህ ሜትር ETH አንደኛ! FIN ሁለተኛ! ETH ሦስተኛ! የስድስት ሰዓቱን ዜና ከጋሼ አለበል ጋር ሰማን። በካልሲው ወጥቶ ጭቃው ላይ ዘለለ።

«አያ ስንቄ ብር አገኙ!» አልኩ።

«ደግሞ አያ ስንቄ ምን አገባቸው?»

ነገርኩት። እየሳቀ ይሰማ ነበር። «የቀረ ሁሉ USA» ስለው ሳቁ ቆመ።

«መዝገቡ ላይ? በቀበሌው መዝገብ ላይ?»

«በእርሳስ...»

«ሂጂ አጥፊው። አሁን!»

ሮጥኩ። መዝገቡ የለም።

«አብዮት ጥበቃው መጥቶ ወሰደው» አለች እማ። «ለሪፖርት ይፈለጋል አለ። ምነው? እንዳይርስ በላስቲክ ጠቅልዬ ነው የሰጠሁት።»

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ቀበሌ ተጠራሁ።

ጓድ ደምለው የፈረንጅ ፊደል አያነቡም። ሦስቱን ብቻ ያውቋቸዋል፣ ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ላይ። ጣታቸውን ጫኑባቸው።

«ይቺ አሜሪካ ናት። በአንድ ቀን አሥራ አንድ ሰው። በኔ ቀበሌ!»

«ቀልድ ነው፣ ጓድ።»

«የማን ቀልድ? ይህን አጻጻፍ ማን አስተማረሽ?»

  ከዚያ ከአፌ ወጣ።

«መምህር አለበል።»

እውነት ነው እኮ። እሱ ነው ያስተማረኝ። ዋሸሁ? አልዋሸሁም... ታዲያ በጓሮ በኩል ማለፍ ለምን ፈራሁ?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

ወሰዱት።

ክፍሉን በረበሩ። ወረቀቱን ከግድግዳው ገነጠሉት። የእጅ ጽሑፉ የእሱ ነው። «የኦሎምፒክ ነው» አለ። ደግሞም አለ። ሦስተኛ ጊዜ አላለም።

ደጃፉ ላይ አየኝ። ራሱን በትንሹ ነቀነቀ። ዝም በይ ማለቱ ነው። እኔን ሊያድን... አስቀድሜ የተናገርኩ መሆኔን የት አውቆ!

ዓርብ፣ ሐምሌ 25

አሥራ አንዱ ታስረው ተፈቱ። አያ ስንቄም በዚያ ቅዳሜ ከቀሩት አንዱ ነበሩ፤ ብርዱን ፈርተው። ዛሬ ክፍል መጡ።

«ልጄ፣ ይቺ አሜሪካ የሚሏት ከግንደወይን ወዲህ ናት ወዲያ? አለህበት አሉኝ እኮ። ግንደወይንን አልፌ አላውቅም ብላቸው አላመኑኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለሳምንት የሚበቃኝ ሳቅ ነበር። ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26

ሄጄ ለጓድ ደምለው ሁሉንም ነገርኳቸው። አገር መስጠቱን፣ የቀረ አሜሪካ መባሉን፣ ጋሼ አለበል መዝገቡን አይቶት እንኳ እንደማያውቅ።

አዳመጡኝ። ገብቷቸዋል። የገባቸው መሆኑ ነው የከፋው።

«ለአውራጃው ሪፖርት አድርጌያለሁ፤ መረብ ተገኘ ብዬ። አሁን ተመልሼ የሴት ልጅ ጨዋታ ነው ልበል? እኔ ምን ልሆን?» አሉ። ቀጥለው መዝገቡን ገልጠው URS ላይ ጣታቸውን ጫኑ። «ደግሞስ ይቺ የመጣች፣ የተጨበጨበላት፣ ማን ናት?»

እርስዎ ነዎት ማለት ነበረብኝ። ያን ብል ጨዋታ መሆኑ ይታይ ነበር። ግን እኔም ከዚያ አልወጣም ነበር።

«ረሳሁት» አልኩ።

ሁለት ጊዜ ሸጥኩት።

ዓርብ፣ ነሐሴ 2

ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዱት። በጭነት መኪና፣ ከላይ፣ በዝናብ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

እናቱ ከቢቸና መጡ። እማማ ወለተ ሐና። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከጉልበታቸው በታች ጭቃ ሆነው።

«ጥሩአየሁ አንቺ ነሽ? የተማርሽ ነሽ አሉኝ። ማመልከቻ ጻፊልኝ፣ የኔ ልጅ።»

ጻፍኩ። «ልጄ ምንም ጥፋት የለበትም» ብዬ ጻፍኩ።

«ማን ጠቆመበት ይላል ሰዉ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

ፈርሙ አልኳቸው። ቢቸና እሳቸውም መሠረተ ትምህርት ገብተዋል። ፊደሉን ለይተዋል፣ ማያያዙ ነው ያስቸገራቸው። ምላሳቸውን ነክሰው ብዙ ቆዩ። ሳየው «አለበል» ይላል።

«የራስዎን ስም ነው እኮ የሚጽፉት፣ እማማ።»

«የኔን ገና አልተማርኩትም። መጀመሪያ የእሱን አስተምሩኝ ብያቸው ነው።»

ከዚያ እጄን ያዙ። «እጅሽ ይባረክ» ብለው ሳሙት። ይህን እጅ...

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ከቅዳሴ መልስ ለመሪጌታ ተናዘዝኩ። የእውነቱን። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ተኙ ብዬ ነበር። አልተኙም።

«እኔ መሪጌታ ነኝ እንጂ ቄስ አይደለሁም» አሉ። «ቄስ ብሆንስ? የበደልሽው እኔን ነው? ሂጂ፣ ለበደሉ ባለቤት፣ ለእናቱ ንገሪ።»

«ቢረግሙኝስ?»

«ይርገሙሽ። እርግማኑም የእሳቸው ንብረት ነው፤ ልትነፍጊያቸው ነው?»

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15፣ ቢቸና

ለእማ ደብረ ወርቅ እሄዳለሁ ብዬ ዋሸሁ። እህል በጫነ መኪና ቢቸና ደረስኩ።

እማማ ወለተ ሐና እግሬን ካላጠብኩ አሉ። እንቢ ብል ሊሰሙኝ? አጠቡኝ። ጭቃዬ በጣታቸው መሃል ሲወርድ አየሁት። አሁን ይነገራል፣ አሁን ይነገራል አልኩ። አልተነገረም።

ሰኞ ደብረ ማርቆስ ደርሰው ተመልሰዋል። ስንቁንና ልብሱን በር ላይ መለሱላቸው። «እዚህ የለም» አሏቸው። 

«ተዛውሮ ይሆናል» አሉኝ የተመለሰውን የስንቅ ዳቤ በእጃቸው እያገላበጡ። «አዲስ አበባ ይሆናል፣ አይደል? ለተማረ ሰው አዲስ አበባ ነው።»

«ይሆናል» አልኩ። ስንቅ ከበር ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ብላቴናዋ አውቃለሁ። እሳቸው አያውቁም? ያውቃሉ። ያውቃሉ እኮ...

አሁን ውኃ ሊቀዱ ወርደዋል። የሞጣ መኪና በዘጠኝ ሰዓት ይነሣል። አፌ እንቢ ካለኝ ጽፌ ልተወው። እንዲያነቡት ትልቅ ትልቁን፣ ክፍል ውስጥ ለአያ ስንቄ እንደምጽፈው አራርቄ። ገጹን ቀድጄ መደቡ ላይ ትቼ ልሄድ። ፈሪ ነኝ። ልሁን።

አ ለ በ ል ን   የ ጠ ቆ ም ሁ ት   እ ኔ   ነ ኝ ።

ጻፍኩት። አልቀደድኩትም ገና። እንስራው ሲቀመጥ ሰማሁ። ትንፋሻቸው ከኋላዬ ነው። ብዕሬን ካነሣሁ ቀና ማለት ሊመጣ ነው፤ ስለዚህ እጽፋለሁ። ርጥብ ጣታቸው በትከሻዬ በኩል መጥቶ ገጹ ላይ አረፈ። «አ...» አሉ። «ለ... በ... ል...» ደስ አላቸው፣ ስሙን አገኙት። ጣቱ ቀጠለ። «የ... ጠ... ቆ...» እየተያያዘላቸው ነው። «እ... ኔ...»

ጣቱ ቆመ። ወደ ፊቴ ዞሩ።

«ጥሩአየሁ!»