ከላይ ያሉት ዓሦች

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ ከሰዓት በኋላ
ዛሬም ከማስተምርበት እንደተመለስኩ ከደቡብ ዋልታ የመጡ ፎቶዎች። ካሜራው በረዶ ሥር ወርዶ ያነሣቸው። ጥቁር ውሃ፣ ግራጫ ዓሣ። አገጩ ሥር ጢም ያለው አንድ ወገን፣ አፉ ረዝሞ ገላው የገረጣ፣ ደሙ ቀይ ያልሆነ ደመ ነጭ ሌላ ወገን፤ እየለየሁ ስማቸውን ለአጥኚዎች እጽፋለሁ። ባሕር አይቼ አላውቅም፣ የጨለለቅቱ ልጅ ነኝ። እነሱን ግን እንደ ዘመድ አውቃቸዋለሁ።
ሥራዬን የሚያመሳክረው መ/ር ብሩክ፣ የዘለልሻቸው በዝተዋል አለኝ። ደክሞኝ ነው አልኩት። ተናደድኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ብሩክ ፎቶዎቹን ከፍቶ ጠበቀኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አትቀየሚኝ፤ ያለፍሻቸው ሁሉ ከላይ በኩል ያሉት ናቸው" አለኝ።
እውነቱን ነው። መካከል ላይ ያለውን፣ ታች አሸዋው ላይ የተኛውን አልሳትኩም። ከላይ፣ በረዶው ሥር ያለው ግን ብሩክ በጣቱ ሲያሳየኝ ነው ብቅ የሚለው።
 ማስታወሻዬ፣ አባባ ማየት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ሰው ሁሉ የዓይን ሞራ ነው ይላል። እኔም እንደዚያው ስል ኖሬያለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
ዛሬ ፎቶ አልከፈትኩም። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ኮርኒሱን አያለሁ። ከዚያ ሌላውን። ምኑ እንደጎደለኝ በምን አውቃለሁ? ክፍል ውስጥ ከኋላ እጃቸውን የሚያወጡ ልጆችስ? ለባለቤቴ ለዳዊት አልነገርኩትም። እራት አልበላ አለኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9፣ ጨለለቅቱ
ከጸሎት ቤት ስንመለስ አባባን ዓይኑን እንዴት እንደጀመረው ጠየቅሁት። ነገረኝ። ቡና ሲለቅም የዛፍ ቅርንጫፍ ግንባሩን ይመታው ጀመር። ታች ያለውን ፍሬ ግን ያየዋል። አላመመውም፣ አልቀላም። እርጅና ነው ብሎ ተወው።
ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።
"አንቺንም ጀመረሽ?"
 እጄን ፈልጎ ያዘኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ለዳዊት ነገርኩት። አብሮኝ ዓይን ክሊኒክ መጣ። አገጬን መሣሪያው ላይ አስደግፌ፣ ብርሃን ባየሁ ቁጥር ቁልፍ ልጫን ተባልኩ። ከላይ ምንም አልበራም። ለካ በርቶ ነበር።
ግላኮማ። በሁለቱም ዓይን። የዓይን ግፊት ነው፣ በዘር ይወርዳል አለች ሐኪሟ። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ መጠበቅ ይቻላል፣ ዕድሜ ልክ። እህት ወንድም ካለሽ ይምጡ አለች።
ስንወጣ ዳዊት ክንዴን ይዞ አስፋልት አሻገረኝ፣ ገና ከአሁኑ። አስለቀቅሁት። ወዲያው መልሼ ያዝኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ጠብታው ያቃጥላል። ለብሩክ ነግሬዋለሁ። አሁን እያንዳንዱን ፎቶ አይቼ ስጨርስ ላዩን ወደ ታች እገለብጠዋለሁ፣ ደግሜ አየዋለሁ። ዛሬ ከላይ የነበሩ ሁለት ደመ ነጮች አገኘሁ።  እስካሁን ስንቱን አለፍኩ?
ጨለለቅቱ ላለችው ታናሽ እህቴ ለትዕግሥት ደወልኩላት፣ ተመርመሪ አልኳት። ደህና ነኝ፣ ምንም አላመመኝም አለች። እኔንም አላመመኝም አልኳት። 
"ቢገኝብኝስ? አለማወቁ ይሻለኛል" አለች።
እኔም ፈርቻለሁ አልኳት። ስልኩን ዘጋችው።
ነገ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ በጠዋት ሚኒባስ ጨለለቅቱ እሄዳለሁ። ለምርመራ ሳልይዛት አልመለስም። እንቢ ካለች እዚያው አድራለሁ፣ ቅዳሜ እንደገና እለምናታለሁ፣ እሑድም እንዲሁ።