አማቴን ጥገኛ ላደረገልኝ መምሪያ

ለተከበሩ የሰው ሀብት አስተዳደር መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ባለቤትዎን፣ ልጆችዎንና የእርስዎ መድን የሚሸፍናቸውን ሁሉ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝልኝ ምኞቴ ነው። በሙሉ ጤንነት ባያገኛችሁም ብዙ አልጨነቅም፤ እናንተ ትታከማላችሁ። እኔ በፋብሪካችን በሁለተኛው የስፌት መስመር የአንሶላ ጠርዝ የምሰፋ ሠራተኛ፣ የአንድ ጎሚስታ ሚስትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ደብዳቤዬን በቢሮዎ በኩል ማስገባት ትቼ በምግብ አዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ለጊዜዎ ካለኝ አክብሮት የተነሳ ነው። በቢሮዎ በኩል የገባ ወረቀት እጅዎ እስኪደርስ ስንት ጠረጴዛ ላይ አድሮ እንደሚከርም ስለማውቅ፣ ወደ ምሳ ሲያልፉ ቆም ብለው ቢያነቡት ይቀልዎታል ብዬ ነው።

በቅድሚያ ላመስግን። የቤተሰብ የጤና መድን ተጀመረ ተብሎ ኬክ በተቆረሰ ዕለት እኔም ከልቤ አጨብጭቤያለሁ። ኬኩ የእኛ መስመር ዘንድ ሲደርስ ክሬሙ አልቆ ነበር፤ ቢሆንም ደረቁን ደስ ብሎን በላን። ግማሹን ድርጅቱ፣ ግማሹን እኛ በነፍስ ወከፍ ከደመወዛችን እየተቆረጠ እንደምንከፍል ሲነገረን፣ ከጎኔ የምትቀመጠው ቁልፍ ሰፊ በእናቷ ስም ስለት ተሳለች። ማታ ቅጹን ቤት ወስጄ ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋው ባለቤቴ የነካው እጁን በሳሙና ታጥቦ ነው። ለጋብቻ ወረቀታችን እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቀም። ቅጹ እስከ ዛሬ ዓርብ ተሞልቶ ካልገባ ዕድሉ ለሚቀጥለው ዓመት እንደሚተላለፍም አነበብን።

እርስዎ በቁጥር የተቀመጠ ነገር እንደሚወዱ ስለሰማሁ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ቅጹ ሦስት የቤተሰብ አባላትን ብቻ ያስመዘግባል። እኔ ደግሞ አራት ሆነውብኛል፤ ባለቤቴ፣ አስር ዓመት የሞላት ሴት ልጄ፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገባው ትንሹ ልጄና አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት። መምሪያው ይህን ቀደም ብሎ ቢያሳውቀኝ ኖሮ ቤተሰቤን በልኩ እመሠርት ነበር። ባለቤቴ ወዲያው ራሱን አወጣ። የከባድ መኪና ጎማ ሲነፋ የቸርኬው ቀለበት ተስፈንጥሮ በጆሮው ሥር ካለፈ ወዲህ በግራ ጆሮው በቅጡ አይሰማም፤ እንዲያውም እኔን ተዪኝ፣ ምን እሆናለሁ ሲለኝ የመለስኩለትን አልሰማኝም። አማቴም በበኩላቸው እኔ ዕድሜዬን በልቻለሁ፣ ለልጆቹ ይሁን አሉ። ሰው ሁሉ ለመቅረት የሚሽቀዳደምበት ስጦታ በማቅረቡ መምሪያውን አደንቃለሁ።

፪. ሴት ልጄ አስም አለባት፤ አማቴ ስኳር አለባቸው። ይህን ይዤ ወደ መድን ክፍል ሄድኩ። እዚያ ያሉት ባልደረባ በሠራተኛው ዘንድ «ነገ ይምጡ» በሚል ስም ይታወቃሉ፤ እርሳቸውም ከሦስት ነገ በኋላ አስተናገዱኝ። በትሕትና እንደገለጹልኝ፣ ከምዝገባ በፊት የነበረ ሕመም ነባር ሕመም ስለሚባል በመጀመሪያው ዓመት አይሸፈንም። የልጄ አስም ቸኩሎ ቀድሞ በመምጣቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አዲስ ሕመም ቢይዛት ግን ያለ ምንም ችግር እንደምትታከም አረጋግጠውልኛል። ለልጄ አልነገርኳትም፤ በከንቱ ተስፋ እንዳታደርግ።

ባለቤቴና እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ አሰላን። ነገሩ ወዲያ ወዲህ ቢገላበጥም ያው ነው። ለሦስት ሰው የሚቆረጠው ገንዘብ የልጄ የአስም መንፊያና የአማቴ ክኒን በየወሩ የሚገዙበት ገንዘብ ነው። ብከፍል መድን ይኖረኛል፣ መድኃኒት አይኖረኝም። ባልከፍል መድኃኒቱ አይቋረጥም፣ ባለቤቴ ግን በየቀኑ ከዚያ ጎማ ሥር ጎንበስ ሲል አንድ ነገር ቢሆን ማን እንደሚያሳክመው አላውቅም። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። ማሽኑ ላይ ተቀምጬም እፈራለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ጠማማ ጠርዝ ሰፍተሻል ተብዬ የተቀጣሁት ለዚህ ነው፤ ለቅጣቱም አመሰግናለሁ።

፫. ይህኛው ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ። በቅጹ ላይ የቤተሰቦቻችን ስም የሚጻፍበት ቦታ «የጥገኞች ዝርዝር» ይላል። ቃሉን ማን እንደመረጠው ባላውቅም ሥራ ቀንሶለታል፤ ባል፣ ልጅ፣ እናት እያሉ ከመዘርዘር ሁሉንም በአንድ ጆንያ መክተት ይቀላል። እኔም ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ስለነበር አላስተዋልኩትም። ያስተዋለችው ልጄ ናት። በዚያው ሰሞን በሳይንስ ትምህርት ስለ አንጀት ትላትል ተምረው ኖሮ፣ ጥገኛ ማለት ሌላ አካል ውስጥ ገብቶ የዚያን አካል ምግብ እየበላ የሚኖር ማለት እንደሆነ ለአያቷ በደስታ አስረዳቻቸው። የተማረችውን ማካፈል ትወዳለች። አማቴ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ድምፃቸውን ሳያነሱ እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ እኔ ጥገኛ የማውቀው የበግ ጉበት ሲሰነጠቅ ነው። እዚህ ቤት እንደዚያ ነኝ እንዴ?»

እኔም፣ ባለቤቴም፣ የመሥሪያ ቤት አማርኛ ነው፣ እንዲያው አጻጻፉ ነው እያልን ተንተባተብን። እሳቸውም እሺ አሉ። እሺ ማለታቸውን አምነን ተኛን። ለካ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ስንወጣ ምሳቸውን ለትንሹ ልጅ እያጎረሱ፣ ማታ እኛ ስንቀርብ ጠግቤያለሁ እያሉ ነበር። ክኒናቸውን ግን አላቋረጡም፤ ገንዘብ የወጣበት ነገር እንዲባክን አይወዱም። የስኳር ክኒን በባዶ ሆድ ሲዋጥ ምን እንደሚያደርግ የእርስዎ ሐኪም ያስረዱዎታል። ባለፈው ሳምንት የልጆቼን ልብስ እያጠቡ ከሣፋው አጠገብ ወደቁ። ትንሹ ልጄ አያቴ ውሃ ላይ ተኛች እያለ ጎረቤት ጠራ። በስኳር ውሃ ነቁ፤ ጤና ጣቢያ ስንወስዳቸው ሐኪሙ ለምን አልበሉም ሲላቸው ጠግቤ ነበር አሉት።

ማክሰኞ ጠዋት ልጅቷን ትምህርት ቤት አድርሰው፣ ትንሹን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው፣ ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሌላዋ ልጃቸው ቤት ናቸው። ስልክ ስደውል የጠየቁኝ ነገር ቢኖር ስሜን ከዚያ ወረቀት አወጣሽልኝ ወይ ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት የነፍስ ወከፉ ሒሳብ ራሱን በራሱ አቃለለልኝ፤ አራት የነበሩት ሦስት ሆኑልኝ፤ ቅጹም ልክ መጣ። መምሪያው የቤተሰቤን ቁጥር ለማስተካከል ላደረገው ጥረት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፬. አራተኛም ነበረኝ፤ ደክሞኝ ነው መሰለኝ ጠፋብኝ።

ለማንኛውም ቅጹን ሞልቼ ከዚህ ሥር ለጥፌዋለሁ። በሠራተኛው ስም ቦታ የአማቴን ስም ጽፌያለሁ፤ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ልጆቼን የሚያበላ፣ የሚያጥብ፣ የሚያደርስና የሚይዝ እሳቸው እንጂ ሌላ የለምና። በጥገኞች ዝርዝር ውስጥ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን አስገባሁ። እሳቸው ትንሹን ባይይዙልኝ ኖሮ እኔ ማሽኑ ላይ ስለማልቀመጥ ራሴን በኅዳጉ ላይ ጨመርኩ። እኔ ካልተቀመጥኩ አንሶላው ጠርዝ ስለማይኖረው፣ ጠርዝ የሌለው አንሶላ ደግሞ ስለማይሸጥ፣ እርስዎን በጀርባው ጽፌዎታለሁ። በተረፈ ከደመወዜ ምንም እንዳይቆረጥብኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ መድኃኒት ልገዛበት ነው።

የመሥሪያ ቤታችን አለኝታ፣ የቤተሰባችን ቆጣሪ ለሆኑት ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ነባር ያልሆነ ሕመምና የማይነጥፍ ኬክ እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ተነስቼ እጅ በመንሳት ደብዳቤዬን እዘጋለሁ።

አክባሪዎ፣
የሁለተኛው መስመር ጠርዝ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለመድን ክፍል (ነገ ይመጣል)
ለሁለተኛው የስፌት መስመር
ምሳ በልቶ ለሚያልፍ ሁሉ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የፊታችን ሰኞ አማቴን ለምኜ ለመመለስ ልሄድ የአንድ ቀን ፈቃድ ጠይቄ ነበር። መምሪያዎ አማት በፈቃድ መመሪያው ውስጥ እንደ ቤተሰብ ስለማትቆጠር አይቻልም ብሎ በማኅተም መልሶልኛል። ስለዚህ ያለ ፈቃድ እሄዳለሁ። እሺ ብለው ከመጡልኝ ማክሰኞ በሰዓቱ ማሽኔ ላይ ነኝ። እምቢ ካሉኝም ማክሰኞ እገባለሁ፤ የምቀርበት አቅም የለኝም፤ ጎረቤቴን ደግሞ ከዚህ በላይ ማስቸገር አልችልም። እንግዲያው ትንሹን ልጄን እርስዎ ቢሮ አስቀምጬ ወደ መስመሬ እወርዳለሁ። ልጁ አያስቸግርም። ከምሳ በኋላ ይተኛል፤ ጀርባውን መታ መታ ካላደረጉለት ግን እንቅልፍ አይወስደውም።