ሂና የተቀባ ጉበት

ሚያዝያ 6
ሙቀት። ከዙህር ሶላት በኋላ ነፋስ የሚባል ነገር የለም። ሽርጤን አገልድሜ ማንጎው ጥላ ስር ተጋደምኩ። የልጄ የናፊሳ ልጅ ሲሃም ደብተሯን ይዛ ታንሾካሹካለች። ዱአ መስሎኝ "አሚን!" አልኳት።
"አባባ፣ አጥንት ነው የምቆጥረው!"
ሁለት መቶ ስድስት አጥንት አለኝ አሉ። ሲነጋ የሚያመኝ ግን ከዚያም ይበልጣል...

ሚያዝያ 8
ናፊሳ ዛሬ ነው የነገረችኝ። ሲሃም የነርስ ትምህርቷ ላይ የሰውነት ክፍሎች የቃል ፈተና ወድቃለች። ታውቀዋለች፤ መምህሩ ፊት ስትቆም ግን ድምጿ ይጠፋል። ግንቦት ላይ ድጋሚ ትፈተናለች። እሱንም ከወደቀች ከኮሌጁ ትወጣለች።
እኔስ? ዝም ብዬ ልይ? ዝም ማለት መቼ ሆኖልኝ ያውቃል!

ሚያዝያ 9
"እኔ ላይ ተማሪ" አልኳት። ሸሚዜን አወለቅኩ። በእስክሪብቶ ሳንባ ሳለች፣ ጨጓራ ሳለች... ጉበት ጋ ሳትደርስ ሳንባው በላብ ወርዶ እምብርቴ ውስጥ ገባ። ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ሚያዝያ 10
ለጢሜ ያስቀመጥኩት ሂና ትዝ አለኝ። "ይሄ በላብ አይለቅም" አልኳት። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ቀባችኝ። ልብ፣ ጉበት፣ አንጀት... እስኪደርቅ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።
ሰው ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ነው እንዴ የሚዞረው? ልብ ውስጥ በር አለ አለችኝ፤ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ከፈት ዘጋ የሚል።
"ማነው የሚዘጋው?"
"ራሱ።"
"ተኝቼም?"
"ተኝተውም።"
ሱብሃነላህ! እኔ የሽንኩርቴን ቦይ ለማስዘጋት ከስንቱ ጋር ተጣልቻለሁ።

ሚያዝያ 11
ጉድ ሆንን። ጠዋት መጽሐፏን ገልጣ አየችኝና ጮኸች። ጉበቴ በግራ፣ ልቤ በቀኝ! ፊት ለፊቴ ስለተቀመጠች በራሷ ቀኝና ግራ ነው የቀባችው። በሳሙና አሸች፣ በሎሚ አሸች... ሂና መቼ በዋዛ ይለቃል? ቆዳዬ ብቻ ቀላ። "ለዚህ እኮ ነው የምወድቀው" ብላ አለቀሰች።
አሳዘነችኝ። ግን ማባበል አላውቅበትም። "ምን ያስለቅስሻል? የኔ ጉበት በግራ ነው። አላህ እኔን እንዲህ ነው የሠራኝ" አልኳት።
"አይደለም!"
"አንቺ ገብተሽ አይተሻል?"
እንባዋን ጠርጋ መጽሐፉን አፍንጫዬ ስር ደቀነችው። ስትናደድ ድምፅ አላት ለካ!

ሚያዝያ 15
ከጓደኛዬ ከሙሳ ጋር ወንዝ ወረድን፣ ልንታጠብ። ሲሃም ራቅ ብላ ከሴቶቹ ጋር ልብስ ታጥባለች። ሙሳ ሂናውን አየና ከት ብሎ ሳቀ።
"ኸድር፣ በዚህ ዕድሜህ ልታገባ ነው?"
"ጉበቴ ነው። የኔ በግራ ነው።"
"እንዴ! እውነት?"
"ጋሼ ሙሳ፣ እንዳያምኗቸው! በቀኝ ነው!" ሲሃም ናት። ከማዶ! ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ። ደንግጣ አፏን ያዘች... አንዷ "እስቲ ንገሪን" ስትላት ግን ነገረቻቸው። ሁሉም የየራሳቸውን ጎን ዳሰሱ። ሙሳም ዳሰሰ። እኔ ውሃው ውስጥ ተዘፍቄ በኩራት አበጥኩ።

ግንቦት 2
ሂናው ደብዝዟል። ነገር ፍለጋዬ ግን ብሶበታል። ምሳ ላይ፣ "ኩላሊት ሁለት ምን ያደርግልኛል? አንዱን ለሙሳ ልስጠው" አልኳት። እንጀራዋን ትታ ተነሳችብኝ። ቡጢዬን የማታክል ነገር ቀን ከሌት ደሜን ስታጥብ ትውላለች አሉ። ደሞዝ የለ፣ ዕረፍት የለ... አፌን ከፍቼ ሰማሁ። ላሳያት ግን አልፈለግኩም፤ "ምን አይነት ወሬ ነው" ብዬ አዛጋሁ። ድምጿን ጨመረች። እሰይ!

ግንቦት 9
ጠዋት በባጃጅ ሄደች። ቡና አስጠላኝ። ቁርስም።

ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ተመለሰች። አልፋለች! ናፊሳ እልልታዋን አቀለጠችው።
መምህሩ "ቀኝ ኩላሊት ለምን ከግራው ዝቅ አለ?" አላት። "ጉበት ከላይ ስላለ" አለችው። "እርግጠኛ ነሽ?" ብሎ አፈጠጠባት።
"ምን ያልኩት ይመስልዎታል አባባ? 'መምህር፣ ከእርስዎ የባሰ ሰው ሲከራከረኝ ነው የከረመው' አልኩት!"
መምህሩ ሳቀ አሉ። እኔ ግን አይኔ ውስጥ አቧራ ገባ...

ግንቦት 11
ዛሬ ከሶላት ስነሳ ክንዴን ያዘች። ጨዋታ መስሎኝ "ይሄን ስትጨርሺ ሌላም እጅ አለኝ" አልኳት። አልሳቀችም። ጣቶቿን የእጄ አንጓ ላይ አድርጋ ትቆጥራለች።
"አባባ፣ ትርታዎ ይዘላል። ከመቼ ጀምሮ ነው?"
"አያትሽን ካየሁ ጀምሮ።"
"ቀልድ አይደለም። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።"
"ነገ እኮ ሽንኩርቱ ውሃ..."
"ሽንኩርቱ ይደርሳል። ነገ።"
ቀና ብዬ አየኋት። አልጮኸች፣ አልተንቀጠቀጠች። በሰው ልብ ጉዳይ የሚናገር ሰው ድምፅ ነው። ቀልድ ፈለግኩ፤ አንድም አልመጣልኝም።
"እሺ" አልኩ።
ናፊሳ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ መጣች። እሺ ያለው እኔ መሆኔን በአይኗ ልታረጋግጥ።