ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፦

ከአንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም፤ አንቺስ እንዴት ከርመሻል?

የላይኛውን ክፍል ለእረፍት ለሚመጡ እንግዶች ማከራየቱ ደህና ሄዶልናል። ጣጣው ሲወጡ ነበር፤ አንዱ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው ውሃውን ከፍቶ ይተወዋል። በመጨረሻ እንደመከርሽኝ መመሪያውን አሳጥሬ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩት፦ «አንሶላውን አንስተው በሩ አጠገብ ያኑሩ። መስኮቱን ይዝጉ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ። ስለመጡልን እናመሰግናለን።» ከዚያ ወዲህ እንግዳው ሁሉ ቀጥ ብሏል።

ምን እንዳቀበጠኝ እንጃ፣ አንዱን ቅጂ እኛ ማቀዝቀዣ ላይ ለጠፍኩት። አባትሽ ጠዋት ጠዋት ያነበዋል። ማክሰኞ ከገበያ ስመለስ የአልጋችንን አንሶላ በሩ አጠገብ አኑሮ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ኮቱን ለብሶ ቆሟል። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«እመቤቴ፣ ብዙ አስቸገርኩዎት፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ።

ቀልዱን ታውቂው የለ! ከት ብዬ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም።

ወረቀቱን ልቀደው ብዬ ነበር፤ ሲያጣው ቤቱን ሁሉ ስለሚያምስ ተውኩት። ይልቅ ከግርጌው አንድ መስመር ጨመርኩበት፦ «ከመውጣትዎ በፊት የቤቱን እመቤት ይጥሩ።» መቼም ጨዋ ሰው ነው፣ የተጻፈ ያከብራል። እስካሁን ሳይጠራኝ ወጥቶ አያውቅም።

ጎረቤቶቹ ሁሉ እንዴት ናት ይላሉ፤ ሰላም በያት ብለውኛል። አባትሽም ሰላም ይልሻል። ስትደውዪለት ግን መጀመሪያ ስምሽን ንገሪው።

እናትሽ