ከክብር ምንጣፎቹ ሥር

ሳቫይ፣ ሳሞአ
ሐሙስ፣ ኦገስት 15 ቀን 2024

ለማትጠገቢዋ እህቴ (ሁሉም እንደዚያ ስለሚሉሽ ነው) ለሲኔቫ፣

ራሴን ዝቅ፣ ድምፄንም ለስለስ አድርጌ አንዲት ትንሽ ኃጢአት ልናዘዝ። የአባባን ፓስፖርት የደበቅሁት እኔ ነኝ።

አትጩኺ። ከኦክላንድ ብትጮኺም አይሰማኝም። እማዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትፈልግ አብሬያት ፈልጌአለሁ። የሩዙን በርሜል የገለበጥኩትም፣ "ሌባ ነው የወሰደው" ብዬ ያለቀስኩትም እኔው ነኝ። ደህና አድርጌ አለቀስኩ፤ ብታዪኝ ትኮሪብኝ ነበር።

በስልክ "አባባ ደህና ነው" የምትልሽ እማዬ ናት። ደህና አይደለም። የአፒያው ሐኪም "ከግንባሩ ጀርባ ያለው የአንጎሉ ክፍል እየመነመነ ነው፤ የሰው ልጓሙ እዚያ ነው" አለን። ልጓሙ እንዴት እንደወለቀ ልንገርሽ። ሃያ ዓመት በሸንጎ ስለ መንደሩ ሲናገር የኖረው አባታችን፣ ለታላቁ አለቃ የተቀዳውን የመጀመሪያ የካቫ መጠጥ ጽዋ ከአሳላፊው እጅ ነጥቆ ጭልጥ አደረገና "እናንተ ስትንቀራፈፉ ሰው በጥም ይሙት?" አላቸው። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሁለቱ ጥርስ እንደሌላቸው ያን ቀን አወቅሁ። ፓስተሩንም "ይሄን ስብከት ባለፈው እሁድ ሰምተነዋል፤ ያኔም አልጣመንም" ብሎታል። (እውነቱን ነው።)

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። አባባን የማጥበው እኔ ነኝ። ከጎረቤት ማዕድ ቤት የኮኮናት ዳቦ ይዞ ሲሮጥ፣ ሮጬ የማስመልሰው እኔ ነኝ። እሱ ግን የላክሽለትን የድምፅ መልእክት ይከፍታል፤ ሲያልቅ እንደገና ይከፍታል። ትናንት ከቁርስ በፊት አሥራ አንድ ጊዜ! የዓሣውን ጭንቅላት "ለሲኔቫ" ብሎ ያስቀምጣል፤ ድመቷ ትበላልሻለች። የእኔን ስም ከፋሲካ ወዲህ ጠርቶት አያውቅም። "አንቺ" ነኝ። አንድ ቀን "አባባ፣ እኔ ማን ነኝ?" ብለው "ሾርባውን የምታቀጥኚዋ" አለኝ።

አንቺ ኦክላንድ አለሽ፣ ደመወዝ አለሽ፣ ያ ቀይ ኮት አለሽ። አሁን ደግሞ "እዚህ የተሻለ ሐኪም አለ፣ ሰኞ አሳፍሩልኝ" ትያለሽ። አሳፍሩልኝ! ረስተሽው እንደሄድሽ ሻንጣ! ሐኪሙ እንደሆነ አይድንም ብሏል። ታዲያ የቀረውን ጊዜ ለምን አንቺ ትወስጂዋለሽ?

ፓስፖርቱን እማዬ ፍራሽ ሥር ከተነጠፉት የክብር ምንጣፎች ታች ሸጎጥኩት። ሰው ካልሞተ ወይ ካልተሾመ ማን ይነካቸዋል? ስሸጉጥ አባባ ዳቦውን እየገመጠ አይቶኛል። አለቀልኝ አልኩ፤ የልቡን ሁሉ ለአላፊ አግዳሚው የሚዘረግፍ ሰው! ግን ይኸው ሦስት ሳምንት ትንፍሽ አላለም። ረስቶት ይሆናል።

ሌላ ወሬ፤ ቅዳሜ አጎታችን ፌሌቲ በአባባ ቦታ የሸንጎ ተናጋሪ ሆኖ ይሾማል። ንግግሩን ለአሳማዎቹ ሲለማመድ ሰማሁት። አሳማዎቹ ጥለውት ሄዱ።

በይ ደህና ሁኚ። ብርዱ አይድፈርሽ፣ ሥራሽ ይቅናልሽ፣ እግዜር ከነኮትሽ ይጠብቅሽ። ይሄን አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው።

የምትወድሽ (በዓመት ሁለት ጊዜ) እህትሽ፣

ቆይ። እማዬ ምን እያደረገች ነው? ቤታችን ግድግዳ ስለሌለው ከዛፉ ሥር ሆኜ ሁሉንም አያለሁ። ፍራሹን አነሳችው። ምንጣፎቹን አንድ በአንድ እያወጣች ታራግፋለች።

የፌሌቲ ሹመት! ለቅዳሜ! እኔ ደደብ!

"ይሄ ምንድን ነው? ማነው እዚህ የከተተው?" ትላለች።

አባባ ከተቀመጠበት ተነሳ። ያንን የሸንጎ ድምፁን፣ እስከ ባሕሩ የሚሰማውን አወጣው።

"ሎሳ ናት! ሎሳ ልጄ! እንዳልሄድባት ብላ ነው!"

ሰማሽ፣ ሲኔቫ? ስሜን ጠራ። ሁለት ጊዜ። እማዬ ወደዚህ እየመጣች

"ሎሳ!"