ሶሲን ቤት ላስተምራት ነው፤ አትሳቂብኝ

ትርስዬ፣ የኔ እመቤት፣

ከተለየሽን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ይህን ያህል ጊዜ ችዬ ዝም አልኩ፤ ስለ ሶፋሽ ላስቲክ ግን ከእንግዲህ ዝም አልልም። ሶፋው ከሱቅ የመጣ ዕለት ላስቲኩን ልገፍ ስል እጄን መትተሽ «እንግዳ ሲመጣ ይነሳል» አልሽ። ስድስት ዓመት እንግዳ ሲገባ ሲወጣ ላስቲኩ ንቅንቅ አላለም። የመጣውን ሁሉ «ይሄ እኮ ቤተሰብ ነው፣ እንግዳ አይደለም» እያልሽ አሳለፍሽው። ፓስተሩ እንኳን ላስቲክ ላይ ተቀምጦ ነው የጸለየልን። አሁን ኦገስት ነው፤ የኮሎምበስን ወበቅ ታውቂዋለሽ። በቁምጣ የተቀመጠ ሰው ሲነሳ ግማሽ ቆዳውን እዚያው ትቶ ነው፤ ድምፁማ አይነገርም። ባልሽን ደረጀን «ኧረ እናንሳው» ብለው ወደ ጓዳ ዞር ብሎ አየና «እሷ ሳትል?» አለኝ። ስለዚህ ሦስታችንም እየተላጥን እንኖራለን። ክሴ ይኸው ነው፤ ተመዝግቦ ይያዝልኝ።

ሌላው ደህና ነው። የዋይንላንድ ፓርኩን ቤት ለቀን ሊንደን ገብተናል፤ ያንቺ ደሞዝ ከቀረ ወዲህ የዚያን ቤት ኪራይ አልቻልነውም። ይኼኛው ጠባብ ነው። የበሩ ደወል ከገባንበት ቀን ጀምሮ አይሠራም፤ እኔም «ነገ እሠራዋለሁ» እንዳልኩ አለሁ። ደረጀ እዚያው ሆስፒታል ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ታክሲ ጨምሯል። እኔ ከሰዓት በኋላ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ፎጣ ሳጥፍ አመሻለሁ። ሶሲሽ ዘጠኝ ዓመቷን ደፈነች። የፊት ጥርሶቿ ከሌላው አካሏ ቀድመው አድገዋል፤ ያንቺው ናቸው፣ አትካጂ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሶሲን ከትምህርት ቤት አውጥተን ቤት ልናስተምራት አስበናል። ሆምስኩል ይሉታል እዚህ። አስተማሪዋም እኔ ነኝ። አትሳቂ። ከስድስተኛ ክፍል የወጣ ሰው፣ እውቀቱን ሁሉ ሰው ደጃፍ ላይ ከተሸጠ አሮጌ ኢንሳይክሎፒዲያ የለቀመ፣ ከዚያም ላይ ሁለቱ ቅጽ የጎደለበት ሰው፣ አስተማሪ! ግን ሰምተሽ ጨርሺና ፍረጂ።

ነገሩ የጀመረው በኔ ጥፋት ነው። አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ወር ሶሲን አዲሱ ትምህርት ቤት ላስመዘግብ ሄድኩ። ፎርም ሰጡኝ። ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው ይላል፤ አማርኛ ብዬ ሞላሁ። ልጁ መጀመሪያ አፉን የፈታበትስ? አማርኛ። አሁን አብልጦ የሚናገረውስ? እዚህ ላይ እጄ ትንሽ ቆመ። የሶሲ አማርኛ «እሺ»፣ «እምቢ» እና «ራበኝ» መሆኑን ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ። ፍሪጁ ላይ «በዚህ ቤት አማርኛ ብቻ!» ብለሽ የለጠፍሽው ወረቀት፣ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ስትመልስልሽ እንዳልሰማሽ ሆነሽ ሽንኩርትሽን መክተፍሽ። አማርኛ ብዬ በትልቁ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት። መቃብርሽ ላይ አበባ ያስቀመጥኩ ያህል ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ሶሲ ደግሞ ካንቺ ወዲህ ከቤት ውጭ አፏን አትከፍትም ነበር። እዚህ ከኛ ጋር ታወራለች፣ ትከራከራለች፤ ደጃፉን ስታልፍ ግን እንደ ራዲዮ ትጠፋለች። ትምህርት ቤቱ ምን ያድርግ? ወረቀቱ አማርኛ ይላል፣ ልጅቷ ዝም ትላለች። ትናንት ከአውሮፕላን የወረደች መስላቸው በየቀኑ ለአዲስ መጤ ልጆች ወደ ተዘጋጀች ትንሽ ክፍል ይወስዷት ጀመር። እዚሁ ኮሎምበስ የተወለደችውን፣ ወፍራም መጽሐፍ በሁለት ቀን የምትጨርሰውን ልጅሽን፣ የፖም ሥዕል እያሳዩ «አፕል በይ» ይሏታል።

እኛ ምንም አናውቅም። ፌብሩዋሪ ላይ ለወላጆች ቀን ሄድኩ። አስተማሪዋ ደግ ሴት ናት። ፊቷ በርቶ «ትልቅ መሻሻል አለ፤ ባለፈው ሳምንት አፕል አለች» አለችኝ። እንደምንም እውነቱን ስነግራት ደነገጠች፣ ይቅርታም ጠየቀችኝ፤ ይቅርታ ጠያቂው እኔ መሆን ሲገባኝ።

በአውቶብስ ስንመለስ ሶሲን ለምን እንዳልነገረችን ጠየቅኋት። ዓይኗን ከመስኮቱ ሳታነሳ «ጋሼ፣ ዩ ሮት ኢት» አለችኝ። እኔ ነኛ የጻፍኩት። እንግሊዝኛ ከተናገረች እኔን ውሸታም የሚሉኝ መስሏት ነው። «ማሚም እንደዚያ ነበር የምትፈልገው» አለች በዚያው በእንግሊዝኛዋ። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ የኛን ፌርማታ ሁለት አልፈን ነው የወረድነው። ማናችንም አላየነውም።

ወደ ትክክለኛ ክፍሏ መለሷት። ልጆቹ ግን አንዴ «አፕል» ብለው ሰይመዋታል፤ የስም ማውጣትን ነገር እኔ አውቀዋለሁ፣ ከወጣ አይመለስም። ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማት ጀመር። ቅዳሜና እሁድ አያማትም።

ሰመሩን፣ የትምህርት ቤቱን ረጅም ዕረፍት ሙሉ፣ እኔና ደረጀ ተከራከርን። እኔ «ትንሽ ትተንፍስ፣ ከኛ ጋር ትማር» እላለሁ። ደረጀ ደግሞ ሳህን እያጠበ «በሩን ከዘጋንላት ጭራሽ አትከፍተውም። ያኔ እናቷ ትፋረደኛለች» አለ። እውነቱን ነው። እኔም እውነቴን ነው። ሁለት እውነት ይዘን አንዲት ልጅ መሀል ላይ አስቀመጥን።

ያስታረቀን ያንቺ ትምህርት ቤት ነው። የቱ ትምህርት ቤት እንዳትይኝ። አባባ ሞቶ እኔ ጋራዥ የገባሁ ጊዜ አንቺ ደብረ ዘይት አራተኛ ክፍል ነበርሽ። ከሥራ ስመለስ እጄን በናፍጣ ታጥቤ፣ እንደ ኢንስፔክተር ወደ ኋላ አጣምሬው «ደብተርሽን አምጪ፣ ልፈትንሽ» እልሻለሁ። «ይሄ ምንድን ነው?» ክፍልፋይ ትያለሽ። «እስቲ አስረጂኝ፣ ማወቅሽን ልይ።» አንቺም ከደብተርሽ ቅጠል ቀደሽ ታጥፊና ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ እያልሽ ታሳይኛለሽ። እኔ ጢም እንዳለው ሰው አገጬን እያሻሸሁ «መጥፎ አይደለም» እላለሁ። ምኑንም አላውቀውም ነበር! እንዲህ እየፈተንኩሽ እስከ አሥረኛ ክፍል ተማርኩ።

ብልጠቴን ማንም ያልደረሰበት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን የተሳሳተ ሂሳብ አሳየሽኝና «በጣም ጥሩ» ብዬ አሳለፍኩሽ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ጋራዥ ስወጣ በር ላይ ጠበቅሽኝ። «ትናንት ያልኩህ ልክ አልነበረም፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ብለሽ አርመሽ ነገርሽኝ። አልሳቅሽም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሽ። ታውቂ እንደነበር ያን ጠዋት ገባኝ፤ አንቺ ግን እስከ መጨረሻሽ አንድም ቀን አልገለጥሽኝም። ይህን ሳልነግርሽ ነው የሄድሽው።

እናም ጁላይ ላይ ከሆቴሉ ሊጣል የነበረ አሮጌ ፎጣ ይዤ መጣሁ። «አለቃዬ ስምንት ቦታ እጠፍ ይለኛል፤ ስምንት መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አልኳት ሶሲን። «ጋሼ፣ አር ዩ ሲሪየስ?» አለችና ፎጣውን ነጠቀችኝ። አንዴ አጠፈችው፣ ደገመች፣ እኔ ደግሞ ያልገባው ሰው ሆኜ ራሴን አከክሁ። ሶፋው ላይ ቆማ፣ ላስቲክሽ እየጮኸ፣ አርባ ደቂቃ አስተማረችኝ። «ሀፍ በአማርኛ ምን ነው?» ብላ ራሷ ጠየቀች፤ «ግማሽ» ስላት መዳፏ ላይ ጻፈችው። ቀና ስል ደረጀ ጓዳው በር ላይ ሳህን ይዞ ቆሟል፤ ውሃው እግሩ ላይ ይንጠባጠባል። «እስከ ገና» አለ። «እስከ ገና እንሞክረውና እሷ ትወስን። ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ላይብረሪ ሄዳ መጽሐፉን በራሷ አፍ ትጠይቃለች።» ተስማማን።

ከዚያ ሕጉን አነበብን። ለትምህርት ቢሮው ደብዳቤ መጻፍ አለ፤ የምትማረውን፣ የምታነበውን መዘርዘር አለ። ይሄ ቀላል ነው፤ ዝርዝር እወዳለሁ። ቀጥሎ ግን የሚያስተምረው ሰው ሃይስኩል የጨረሰበትን ወረቀት ያቅርብ ይላል። ራሱን «ፕሮፌሰር» ብሎ የሾመው ወንድምሽ ወረቀቱን እንደያዘ ላስቲክሽ ላይ ተጣብቆ ቀረ። በእርግጥ ለሃይስኩል ምትክ የሚሆነውን ፈተና፣ ጂኢዲ የሚሉትን፣ በመኸር ልቀመጥ ተመዝግቤያለሁ፤ የምታስጠናኝም ሶሲ ናት። እስከዚያ ግን ዲግሪ ያለው ሰው በላዬ ሆኖ እየተቆጣጠረ መፈረም አለበት። ከምናውቃቸው ሰዎች ዲግሪም ያላት፣ ትምህርት ቤትም የምታውቅ፣ ጠዋት ጠዋት ጊዜ ያላት አንዲት ሴት ብቻ ናት። እትዬ ዘነበች።

አሁን ሳቂ፣ ፈቅጄልሻለሁ።

ናዝሬት ውስጥ ስንት ዓመት ዳይሬክተር የነበረች ሴት! እዚህ አረጋውያን ትጦራለች፤ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ታስተምራለች፣ ያችን የናስ ቃጭሏን ይዛ። እኔ ኮሪደር ላይ ልጆቹን ሳስቃቸው መጥታ ጆሮዬ ሥር ስታቃጭልብኝ «እትዬ ቃጭል» አልኳት። አንድ ቀን ብቻ ነው ያልኩት። በሳምንቱ ሞርስ ሮድ ያሉ ሱቆች ውስጥ እንኳ ሌላ ስም አልነበራትም። «አንድ ቀን ትፈልጋታለህ፣ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ» ብለሽኝ ነበር። አልሄድኩም። ሰላምታ ከነሳችኝ ሦስት ዓመት አለፈ።

አንሰሪንግ ማሽኗ ላይ ሦስት ጊዜ መልእክት ተውኩ። መጀመሪያው ላይ ቀልድ ጨመርኩበት። ሁለተኛው ላይ ስለ መጀመሪያው ይቅርታ ጠየቅሁ። በሦስተኛው ቀልዱን ተውኩና ስለ ሶሲ ነገርኳት። ልጆች ያወጡላት ስም ትምህርት ቤቱን እንዴት እንዳስጠላት፣ እኔም በራሷ በእትዬ ላይ ያደረግሁት ያንኑ መሆኑ አሁን እንደገባኝ ተናገርኩ። ሳልጨርስ ማሽኑ ቆረጠኝ። ሁለት ሳምንት ሆነ፣ መልስ የለም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። የተፈረመው ደብዳቤ ነገ ካልገባ ሶሲ ሰኞ ወደ «አፕል» ትመለሳለች። ዛሬ ጠዋት ቦርሳዋን ራሷ አዘጋጅታ በሩ ሥር አስቀመጠችው። «ኢትስ ኦኬ፣ ጋሼ» አለችኝ። እኔን ማጽናናቷ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ከማን እንደወረሰች እኔ ልንገርሽ?

ስለዚህ ፍርዱን ሳልጠብቅ ቃሌን እሰጥሻለሁ። ፎጣ ባጠፍኩ ቁጥር፣ በቀን ስንት መቶ ጊዜ እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ አስብሻለሁ። ፈተናውን ካለፍኩ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የኔ ስም ይሁን እንጂ ያስተማርሽው አንቺ ነሽ። ያን በር ላይ ያረምሽኝን ጠዋትም ለሶሲ እነግራታለሁ። እስከዛሬ ያልነገርኳት ክብሬን ፈርቼ ነው። እናቷን በፎቶ ብቻ አታውቃትም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና፣ እጁ ናፍጣ ናፍጣ የሚል ጎረምሳ ስታስተምር ታውቃታለች። ይህን ከኔ በቀር የሚያስታውስ ሰው የለምና፣ አደራው የ

ቆይ። ደጅ ላይ ቃጭል ይሰማኛል።

ትርስዬ፣ የእውነት ቃጭል ነው! የበሩ ደወል አልሠራ ብሎ ነው መሰለኝ፣ አንድ ሰው በረንዳው ላይ ቆሞ ሰፈሩን እያናወጠው ነው። እኔ ቁምጣዬን ይዤ ስደናበር ሶሲ ቀድማኝ ሮጠች። በሩን ከፈተችው። በራሷ። አንቺ ስልክ ስታነሺ በምትይው ድምፅ፣ ጮክ ብላ፣ «ማን ልበል?» አለች።

«ቃጭል መጣች በይው ለአጎትሽ» ይላል አንድ ድምፅ ከውጭ። «ደብዳቤውን ይዞ ይምጣ፣ እስክሪብቶ ይዣለሁ።»

«ቃጭሉን አንዴ ልያዘው?» ትላለች ልጅሽ። በአማርኛ፣ ትርስዬ። ደጅ ላይ ለቆመ ሰው።

ልሂድ። ይቺኛዋ ቤተሰብ አይደለችም፤ እንግዳ ናት። ላስቲኩን ላነሳው ነው።